ከጥቁሩ ጋር የታረቅንበት ክረምት

ባለፈው ክረምት አክስቴን ዓይኗን ላሳክማት ቦሩ ሜዳ ወስጃት ነበር። ከሚኒባሱ ወርደን የሆስፒታሉን በር እንዳለፍን፣ ዝናብ የመታው የታጨደ ሣርና የበረኪና ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሞላውና ባለሁበት ቀጥ አልኩ። አክስቴ ዘሃራ ክንዴን ይዛ "ምነው፣ መንገዱን ረሳሽው እንዴ?" አለችኝ። መንገዱንስ አልረሳሁትም። ዓይኔን ጨፍኜ ብሄድ እንኳ የዓይን ሕሙማን የሚተኙበትን ክፍል እግሬ ራሱ ያገኘዋል። ያቆመኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ግራጫ ብርድ ልብስ ላይ፣ አንድ ሙሉ አገር ነበረን።

ያኔ ሦስተኛ ክፍልን ገና መጨረሴ ነው። ቤታችን ደሴ፣ ሆጤ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ጀማል በሰፈሩ የሚታወቀው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፒያሳ በነበረው ጌም ቤት ውስጥ የሚችለው ልጅ አልነበረም። እኔ ያንን ቤት የማውቀው ከመጋረጃው በውጭ በኩል ነው። ሴት ልጅ አትገባም ተብሎ የተጻፈበት ቦታ የለም፤ ግን ሴት ልጅ አትገባም። እናቴ "ሂጂ፣ ያንን ልጅ ጥሪው" ስትለኝ እየሮጥኩ እሄድና መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ እቆማለሁ። ቶሎ አልጠራውም። መጀመሪያ ዓይኔ እስኪጠግብ አያለሁ።

ጀማል የሚወደውን ጌም ስም ማንም አያውቀውም። ሲዲው ላይ ያለው ጽሑፍ የየት አገር እንደሆነ የለየ ስላልነበረ ልጆቹ ራሳቸው ስም አወጡ። ቀይ ካባ የለበሰው ሰይፈኛ "ቀዩ" ተባለ። ቀዩ አገሩን ያቃጠለበትን ሊበቀል ተራራ ይወጣል፣ ወንዝ ይሻገራል፣ በር ሰብሮ ሌላ በር ላይ ይደርሳል። መጨረሻ ላይ "ጥቁሩ" አለ። ጥቁሩ ሲመጣ መጀመሪያ የቴሌቪዥኑ ጠርዝ ይጨልማል፤ ጨለማው እየተሳበ ወደ መሐል ይገባና ሁለት ቀያይ ዓይኖች ቦግ ይላሉ። ያ ሁሉ የሚንጫጫ ልጅ ጭጭ ይላል። እኔም ከመጋረጃው ኋላ ትንፋሼን እይዛለሁ። አሸንፎት የሚያውቅ የለም፤ ወይ እሱ ይገድላቸዋል፣ ወይ መብራት ይጠፋል። ጌሙ ያቆሙበትን ቦታ ስለማያስታውስ በማግስቱ እንደገና ከሀ ይጀመራል።

ክረምቱ እንደገባ ጀማል ኮምቦልቻ አጎታችን ዘንድ ሄደ። እዚያ ኳስ ከእሾህ አጥር ውስጥ ሊያወጣ ጎንበስ ሲል፣ በእጁ ገፍቶ የያዘው የግራር ቅርንጫፍ አመለጠውና ተመልሶ ፊቱን መታው። እሾሁ ግራ ዓይኑን ወጋው፣ ቀኙንም ጫረው። ወደ ቦሩ ሜዳ ተወሰደ፣ ኦፕራሲዮን ተደረገ፤ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላውን እንዳይጎትተው ተብሎ ሁለቱም ዓይኖቹ በፋሻ ታሸጉ። ፋሻው እስኪፈታ ድረስ ያያል ወይም አያይም ማለት እንደማይቻል ሐኪሙ ለአባቴ ሲነግረው ሰማሁ። አባቴ "እሺ" ብቻ አለ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አደረገው፤ ደግሞ አወለቀው።

እናቴ አራስ ነበረች። ስለዚህ ማስታመሙ ያኔ ቦሩ ሜዳ ትኖር በነበረችው በአክስቴ ዘሃራ ላይ ወደቀ፤ እኔ ደግሞ የአክስቴ እግር እንድሆን ተላክሁ። እሷ ጠዋት ቂጣውንና ሻዩን አድርሳ ወደ እርሻዋ ስትሄድ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ እቀራለሁ። ውጭ ጭጋጉ እስከ መስኮቱ ድረስ ይመጣል። ዛፎቹ አይታዩም፣ ላሞቹ አይታዩም፣ የሚሰማው ድምፃቸው ብቻ ነው። የዓለም ሰው ሁሉ ዓይኑ የታሰረ ይመስለኝ ነበር።

ጀማል አይናገርም። ፊቱን ወደ ጣሪያው አድርጎ ይተኛል፤ ስጠራው "እ" ይላል፣ በቃ።

"ጀሚ፣ ምን ይታይሃል?" አልኩት አንድ ጠዋት።

"ጥቁር።"

"ጥቁር ብቻ?"

"ጥቁር። ጠርዙ ላይ ቀይ ቀይ ነገር አለ። ይንቀሳቀሳል።"

ከአልጋው ወርጄ ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ። ነገሩ ሁሉ ያን ጊዜ ገባኝ። ጥቁሩ ከቴሌቪዥኑ ወጥቶ ተከትሎት መጥቷል። ጀማል ቤቱ ድረስ ስንት ጊዜ ሰይፍ ይዞ ሄዶበታል፤ ታዲያ እሱስ ለምን አይመጣ? ከፋሻው ሥር ተኝቶ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ሐኪሙ ይህን አያውቅም። አባቴም አያውቅም። የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ መፍትሔውም የእኔ ነበር፤ ፋሻው ከመፈታቱ በፊት ጥቁሩ መሸነፍ አለበት። ቴሌቪዥን የለም፣ ቢኖርም ጀማል አያይም። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ እኔ ሆንኩ።

ተመልሼ ጆሮው ሥር "አሁን በሩ ላይ ነህ" አልኩት።

"የምን በር?"

"የመጀመሪያው በር። ቀዩ ቆሟል። ነፋስ አለ።"

የተኛ መሰለኝ። ቆይቶ "እዚያ ጋ ነፋስ የለም" አለ። "ፏፏቴ ነው ያለው፤ በግራ።"

"እሺ፣ በግራ ፏፏቴ አለ። ድልድዩ ተሰብሯል።"

"ድልድዩማ አልተሰበረም።"

"ዛሬ ተሰብሯል።"

ጭንቅላቱን ወደ እኔ አዞረ። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ሳቁ ፋሻውን ትንሽ ወደ ላይ ገፋው። "አንቺ ውሸታም" አለኝ። "እሺ፣ በገደሉ በኩል እወርዳለሁ።"

እንዲህ ተጀመረ። ጀማል እንዲዳስሰው ብዬ አገሩን ብርድ ልብሱ ላይ ሠራሁለት። ከደሴና ከኮምቦልቻ ሌላ አገር አላውቅምና የቀዩም አገር ያው የእኛው ሆነ። የታጠፈው ጉልበቱ ጦሳ ተራራ ነው። የተረፈ የፋሻ ቁራጭ ዘርግቼ ቦርከናን አፈሰስኩት። ከጉልበቱ ወደ ታች ብርድ ልብሱን እየጠመዘዝኩ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ አወጣሁ። ከእግሩ ጣቶች አጠገብ፣ ከሐረጎ በታች ኮምቦልቻ ላይ፣ ባዶ የመድኃኒት ካርቶን አስቀምጬ የጥቁሩ ቤተ መንግሥት ነው አልኩ። ቀዩ አንድ ቀይ ቆርኪ ነበር። ጀማል ሲደክመው እግሩን ከዘረጋ ጦሳ ይናዳል፣ ሕዝብ ያልቃል፣ እንደ አዲስ እንገነባለን። ሲስተሯ ስትመጣ "ተራራችሁን አንሱልኝ፣ ሙቀት ልለካ ነው" ትለን ነበር።

በግራ በኩል ባለው አልጋ ላይ ሸህ እንድሪስ ተኝተዋል፤ ከቃሉ የመጡ፣ የአንድ ዓይናቸው ሞራ የተገፈፈላቸው ሽማግሌ። በእሳቸው አገር አባጋር ናቸው፤ ሰው ተጋድሎ ደም ሲቃቡ የሟችንና የገዳይን ወገን አስቀምጠው የሚያስታርቁ። በቀኝ በኩል ቄስ መኩሪያ አሉ፤ እሳቸውም አንድ ዓይናቸው ታስሯል። ሁለቱም የተኙ መስለው ያዳምጡን እንደነበር ያወቅሁት ለጀማል "አይዞህ፣ ቀዩ ሦስት ነፍስ አለው" ያልኩ ቀን ነው።

"ስንት አልሽ?" አሉ ሸህ እንድሪስ ከብርድ ልብሳቸው ሥር።

"ሦስት፣ አባባ። ሲሞት ይነሣል።"

"አስተግፊሩላህ። ቄስ መኩሪያ፣ ሰምተዋል?"

"ሰምቻለሁ" አሉ ቄሱ። "ሦስት ነፍስ የሚባል በእኛም የለም። ነፍስ አንዲት ናት።"

"በእኛም አንዲት ናት።"

ሁለቱ ተስማምተው ከቀዩ ላይ ሁለት ነፍስ ቀነሱበት። ልከራከር ሞከርኩ፤ ጌሙ እንዲያ ነው ብል ማን ይስማኝ። አንድ ነፍስ ብቻ ያለው ሰው ጥቁሩን እንዴት አድርጎ ያሸንፋል? ጀማል ግን ደስ አለው። "አሁን ነው ጌም የሆነው" አለ።

ቀዩ መትቶ ይሳካለት ወይም ይሳተው እንደሆን የምንለይበት ነገር ሲያስፈልገን ደግሞ ከሰፈራችን የሉዶ ዛህራ፣ ያቺን ባለነጥብ ጠጠር፣ ላስመጣ ነበር። ሸህ እንድሪስ ቁማር ነው ብለው ከለከሉ። ቄስ መኩሪያ ከትራሳቸው ሥር የገብስ ቆሎ በከረጢት አወጡ። ጀማል በጣቶቹ ቆንጠር አድርጎ ያነሣና ሁለት ሁለት እያደረገ ብርድ ልብሱ ላይ ይደረድራል። ሙሉ ከሆነ ተሳካ፣ አንዲት ከተረፈች ሳተ። ተቆጥሮ ሲያበቃ ይበላል። ከዚያ ወዲህ ቆሎ በበላሁ ቁጥር የሆነ ሰው ከሞት የተረፈ ይመስለኛል።

ሽማግሌዎቹ እየዋሉ እያደሩ አገሩ ውስጥ ገቡ። ቄስ መኩሪያ የቀዩ መንገድ መሪ ሆኑ፤ ሸህ እንድሪስ ምን እንደሆኑ ሳይናገሩ አብረው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ጌሙ ጌም ቤት የማውቀው ጌም አልሆነም። ሸሁ ለሶላት ሲነሡ ቀዩም ዛፍ ሥር ያርፋል። የፍልሰታ ጾም ስለነበር ቄሱ ቀዩን እስከ ቅዳሴ መውጫ እህል አያስቀምሱትም። የበር ጠባቂዎች ዘንድ ስንደርስ ጀማል ሰይፍ ሊመዝ ሲል "ሰላምታ ሳትሰጥ?" ይሉታል ሽማግሌዎቹ። ሰላም ይላቸዋል። እኔ ጠባቂዎቹን ሆኜ እመልሳለሁ። ሰላም ካለኝ ሰው ጋር ደግሞ እንዴት እዋጋለሁ? የማን ልጅ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ፣ ዝናቡን እንጠያየቃለን፣ በሩን እከፍታለሁ። አንዱ ጠባቂማ በእናቱ በኩል የቀዩ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። እኔ ሲዘገይ እየተቃጠልኩ ነው። እነሱ ግን ጊዜ እንዳለው ሰው በሐረጎ ጠመዝማዛ ቀስ እያሉ ይወርዳሉ፣ ጭጋጉም በመስኮቱ በኩል አብሮን የሚወርድ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሐኪሙ መጥቶ የጀማልን ፋሻ ነካ ነካ አደረገና "ነገ እንፈታዋለን" አለ።

ነገ። ሐኪሙ ከወጣ በኋላ "ዛሬ መጨረስ አለብን" አልኩ። ጀማል ምክንያቱን አልጠየቀኝም። ተቀመጠ፣ ቀዩን ቆርኪ በጣቱ እየገፋ ቦርከናን ተሻገረና ካርቶኑ አጠገብ ደረሰ። "ጠርዙ ጨለመ" አልኩ። "ጨለማው ወደ መሐል እየመጣ ነው። ዓይኖቹ በሩ።" ጀማል ቆሎ ሊያነሣ እጁን ከረጢቱ ውስጥ ሲከት፣ ሸህ እንድሪስ ከአልጋቸው ተንጠራርተው እጁን ያዙት።

"ቆይ እስቲ ልጄ። ይኸ ሰውዬ ምን አድርጎ ነው?"

"የቀዩን አገር አቃጥሏል፣ አባባ።"

"ለምን?"

ጀማል ግራ ገባው። "ጌም ነዋ።"

"ጌምስ ቢሆን። ለምን ሳትለው ትገድለዋለኸ? ጠይቀኸው ታውቃለኸ?"

"አላውቅም።"

"በሉ ጥሩልኝ።"

ሁሉም ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ያለፋሻ የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ሽማግሌዎቹ በአንድ ዓይን፣ ጀማል በጆሮው ብቻ። ጉሮሮዬን አወፈርኩና "መጣሁ" አልኩ።

"እንኳን ደኽና መጣኽ። ማን ትባላለኸ?"

"ጥቁሩ።"

"አባትኽስ?"

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። "የለኝም" አልኩ።

"አይ ልጄን" አሉ ቄስ መኩሪያ፤ ከልባቸው ነበር።

"ምን በደልንኸ?" አሉ ሸህ እንድሪስ። "ተናገር፣ አትፍራ። እኔ አባጋር ነኝ፣ ያንተንም የሱንም እሰማለሁ።"

ምን እንደምል አላውቅም ነበር። አፌን ስከፍት ግን ጥቁሩ ራሱ የሚናገር ይመስል መጣልኝ። "መብራት በመጣ ቁጥር ትመጡብኛላችሁ" አልኩ። "ጠዋት ትመጣላችሁ፣ ከሰዓት ትመጣላችሁ። ሁላችሁም ሰይፍ ይዛችሁ ነው። የማርፈው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። አንድም ቀን ምን ሆንክ ያለኝ ሰው የለም።" እንባዬ መጣ። ለማን እንደማለቅስ አላውቅም፣ ግን አለቀስኩ።

በሩ ጋ ያሉ ሕሙማን ሳይቀሩ አንገታቸውን ቀና አድርገዋል። ሸህ እንድሪስ ጢማቸውን አሻሹና "ሁለቱም በዳይ፣ ሁለቱም ተበዳይ ናቸው" አሉ። "እንግዲህ ከነአካቴው ልቀቅ ብንለው መሄጃ የለውም። አገሩ ለሁለት ይከፈል። ግማሹን ለቀዩ ይልቀቅ፣ ግማሹን ይዞ እሱም ይኑርበት።"

ደንግጬ ተነሣሁ። ግማሹን? "አይሆንም!" አልኩ በጥቁሩ ድምፅ። "ሁሉንም እለቃለሁ! ሁሉንም ውሰዱት!"

ሸሁ ሳቁ። "አጃኢብ ነው። ስንት ዘመን ሳስታርቅ እንዲህ ያለ ባለጋራ አላየሁም። አይሆንም ልጄ። ፈርቶ ሁሉንም የሰጠ ሰው ነገ ተቆጥቶ ይመለሳል። እንዲህ ያለ እርቅ አይበረክትም። ቀዩ፣ አንተስ ምን ትላለኸ?"

ጀማል ጣቱን ቆርኪው ላይ አድርጎ አሰበ። እጁን ልይዘው፣ እንቢ በል ልለው ፈለግሁ፤ ግን ጥቁሩ ነኝና አልቻልኩም።

"ይሁን" አለ። "ግማሹን ይያዝ።"

ሸህ እንድሪስ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ ቄስ መኩሪያ መስቀላቸውን አንሥተው አሜን አሉ። "ከዛሬ ወዲህ አንዱ ባንዱ ላይ ብረት ቢያነሳ ነውሩ የራሱ ነው" ተባለ። የተረፈው ቆሎ ለክፍሉ ሁሉ ተዳረሰ። እኔ አልበላሁም።

በማግስቱ አባቴ ከደሴ መጣ። ሐኪሙ ጀማልን ወንበር ላይ አስቀምጦ ፋሻውን ይፈታ ጀመር። ያ ጨርቅ አላልቅ አለኝ። መጀመሪያ ቀኙ ተከፈተ። ጀማል ብዙ ጊዜ ዓይኑን አርገበገበ፣ እንባው ወረደ፣ ከዚያ እኔ ላይ ተከለው።

"ፀጉርሽን ማነው እንዲህ ያበላሸው?" አለ።

አክስቴ ዘሃራ እልል ልትል አፏን ከፍታ መልሳ በነጠላዋ ያዘችው፤ ግራው ይቀራል። ሐኪሙ ቀኙን በመዳፉ ሸፈነና የግራውን ፋሻ አነሣ። መብራት አበራ። ጠጋ አለ፣ ራቅ አለ።

"እዚህስ?"

"የለም።"

"ብርሃን? ጥላ?"

"ጥቁር ነው" አለ ጀማል።

አባቴ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ ወደ ሸህ እንድሪስ አልጋ ሮጥኩና በሁለት እጄ ብርድ ልብሳቸውን መደብደብ ጀመርኩ። "ለምን አካፈሉት! ሁሉንም እለቃለሁ ብሎ ነበር! ራሱ ብሎ ነበር!" አክስቴ ልጅቷ አበደች ብላ ልታነሣኝ መጣች። ሸሁ ግን እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። ምን እንዳልኩ የገባቸው ቀስ ብሎ ነው፤ ገብቷቸው ሲያበቃ ፊታቸው ላይ የሆነውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ያንን ሁሉ ደም ያደረቁ ሽማግሌ በጋቢያቸው ጠቅልለው ያዙኝ። ደረታቸው ሲርገበገብ ይሰማኛል።

ጀማል የአልጋዎቹን ብረት እየያዘ መጣ። መራመድ የረሳ ይመስል ነበር። አጠገቤ ተቀመጠና "ሰሚራ" አለኝ። "ምን ያስለቅስሻል? ቃሉን ጠበቀ እኮ። ግማሹን ለቀቀልኝ።"

ያን ጊዜ ነው አባቴ የምን ቃል እንደሆነ ሳያውቅ ድምፅ አውጥቶ ያለቀሰው።

ትምህርት ሊከፈት ሲል ጀማል ወደ ፒያሳ ወረደ። አብሬው ነበርኩ። ጌም ቤቱ ደጃፍ ላይ እንደ ልማዴ ስቆም መጋረጃውን ከፍቶ ያዘልኝ። ማንም ምንም አላለም። አግዳሚው ላይ ከአጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ቤቱ ከውስጥ ሲታይ ጠባብ ነው፣ የላብና የጋለ ሽቦ ሽታ አለው። ጀማል ጆይስቲኩን ያዘ። እጁ ምንም አልረሳም። ፏፏቴው በግራ ነበር፣ ድልድዩም አልተሰበረም። በሮቹን አልፎ አልፎ መጨረሻው ላይ ደረሰ። ጠርዙ ጨለመ። ልጆቹ ጭጭ አሉ። ሁለቱ ቀያይ ዓይኖች ሲበሩ ጀማል ጣቶቹን ከቁልፎቹ ላይ አንሥቶ ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

"በለው! በለው እንጂ!" አሉ ልጆቹ።

ቀዩ ቆመ። ጥቁሩ መታው። ወደቀ፣ ተነሣ፤ እዚያ ቤት ሦስት ነፍስ ነበረው። ጀማል ሦስቱም እስኪያልቁ ቁልፎቹን አልነካም። ከኋላችን አንዱ ልጅ በሹክሹክታ "ተዉት፣ አይታየውም" አለ። ጀማል ሰምቷል። አልዞረም። ጆይስቲኩን ለተረኛው ሰጥቶ ይዞኝ ወጣ።

ውጭ ካፊያ ነበር። "ለምን አልመታኸውም?" አልኩት።

"ታርቀን የለ እንዴ።"

"እሱ ግን መታህ።"

"እሱ የኛው አይደለም" አለና፣ እጄን ይዞ ከቀኙ ወደ ግራው አዞረኝ፤ ባጃጆቹ እሱ በማያይበት በዚያ በኩል ነበር የሚመጡት።